የአሮጌ ተሳቢ አገርና ዕድሜ፦ ከመሸጥዎ ወይም ከመግዛትዎ በፊት

ከአባቱ የተረፈ ወይም በወንድሙ ስም የተገዛ የጭነት ተሳቢ አገር ቤት ያለው በውጭ የሚኖር ሰው፣ የተሠራበትን አገርና ዘመን ሳያውቅ የሽያጭ ውክልና ቢልክ፣ ዋጋውን የሚቆርጥለት ደላላው ነው። ደግነቱ ማስረጃው ብረቱ ላይ ስለሚገኝ፣ አንድ ታማኝ ዘመድ ስልኩን ይዞ ግማሽ ቀን ቢደክም አብዛኛው ይታወቃል።

መጀመሪያ የሚፈለገው የሻንሲ፣ ማለትም ሁሉን የሚሸከመው ዋናው የብረት አጽም፣ ቁጥር ነው። ጎማው፣ ባሌስትራው፣ መብራቱ፣ አክሰሉም ጭምር ሊቀየር ይችላል፤ የተሳቢውን ማንነት የሚሸከመው ግን ሻንሲው ነው። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በቀኝ በኩል ባለው ረጅም ብረት ላይ፣ ወደ ፊት ገደማ ተመትቶ ይገኛል። በቀለምና በጭቃ ከተሸፈነ በናፍጣ አርሶ በሽቦ ብሩሽ ቀስ ብሎ ማጽዳት ነው እንጂ መሞረጃ ማሽን አይንካው፤ የተፋቀ ቁጥር ገዢንም ሹምንም ያስጠረጥራልና። ወንድሜ መጀመሪያ የላከልኝ ፎቶ ግራጫ ብረት ብቻ የሚታይበት ነበር፤ ቀጭን ወረቀት አስደግፎ በእርሳስ ሲያሸው ግን እኔ 3 ነው ያልኩት 8 ሆኖ ወጣ። እርስዎም ፎቶውንና በእርሳስ የታሸውን ወረቀት ሁለቱንም ይጠይቁ።

ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ ካለው፣ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡበትም፤ ኦ የመሰለ ነገር ካዩ ዜሮ ነው። የመጀመሪያው ምልክት አገርን ይጠቁማል፤ ኤል ቻይናን፣ ደብልዩ ጀርመንን ያመለክታል፣ በዜድ የሚጀምሩትም በብዛት የጣልያን ናቸው። በቻይና ተሳቢዎች ላይ አሥረኛው ምልክት የሞዴል ዓመት ነው፦ ዋይ 2000ን፣ 1 ደግሞ 2001ን፣ 9 2009ን፣ ኤ 2010ን ያሳያል። በአውሮፓ ይህ ግዴታ ስላልሆነ፣ የጀርመን ወይም የጣልያን ተሳቢን ዕድሜ በአሥረኛው ፊደል ብቻ መወሰን ያሳስታል። ከ17 ያነሰ ቁጥር ያለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ሥርዓት መስፋፋት በፊት የተሠራ ነው።

ኤንትሬ ፊያት በሚባለው የጭነት መኪና ኋላ ሲጎተቱ የኖሩት የጣልያን ተሳቢዎች የሚታወቁት በአምራቹ የብረት ሳህን ነው። የቶሪኖው ቪቤርቲ፣ የፎርሊው ባርቶሌቲና የባሪው ካላብሬዜ ስማቸውን እዚያ ላይ ይጽፋሉ። ሳህኑ ላይ «ቴላዮ» የሚለው የሻንሲውን ቁጥር፣ «አኖ» የሚለው ዓመቱን፣ «ፖርታታ» የሚለው የጭነቱን ልክ ያሳያል። ሳህኑ ግን በምስማር የተመታ ስለሆነ ከሌላ ተሳቢ ተነቅሎ ሊመጣ ይችላል፤ በሻንሲው ላይ ካለው ቁጥር ጋር ካልገጠመ አይመኑት።

አክሰሉ ላይ የጀርመን ስም አይተው «ተሳቢው የጀርመን ነው» የሚሉ ሻጮች ብዙ ናቸው። አገር ውስጥ የተገጣጠሙ ተሳቢዎችም ከውጭ የመጣ አክሰል ስለሚገጠምላቸው፣ ይህ አባባል ብቻውን ምንም አያስረዳም። የመብራቱ ክብ ማኅተምም እንዲሁ ነው፤ ኢ1 ጀርመን፣ ኢ3 ጣልያን፣ ኢ37 ቱርክ ማለት ሲሆን፣ መብራቱ የጸደቀበትን አገር ብቻ ይናገራል። በጎማው ላይ ያሉት አራት አኃዞችም፣ ለምሳሌ 2315 ማለት የ2015 ሃያ ሦስተኛ ሳምንት፣ የጎማውን ዕድሜ እንጂ የተሳቢውን አይነግሩም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሊብሬውን ያውጡ። ተሳቢ የራሱ ሰሌዳና ሊብሬ ስላለው የጎታቹን ሊብሬ ልከውልዎ እንዳይዘናጉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጠለፈው በዘመን አቆጣጠር ነው፦ ሳህኑ ላይ 1997 ተጽፎ ሊብሬው 1990 ቢል፣ አንዱ በአውሮፓ ሌላው በእኛ አቆጣጠር ስለሆነ ሁለቱ ሊስማሙ ይችላሉ፤ ሁለቱም 1997 ቢሉ ግን፣ ሊብሬው በእኛ አቆጣጠር ከሆነ፣ ወረቀቱ ተሳቢውን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አሳንሶታል ማለት ነው። የተመዘገበበት ቀንም ከተሠራበት ዘመን የተለየ መሆኑን አይርሱ።

ሁሉም ከገጠመ በኋላ ብቻ ውክልናውን በኤምባሲ ወይም በቆንስላ አሠርተው ይላኩ፤ አገር ቤት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ይመዘገባል። ሰሌዳ ሊቀየር ስለሚችል፣ በውክልናው ላይ የሻንሲው ቁጥር በእርሳስ ከታሸው ወረቀት ላይ ፊደል በፊደል ይገልበጥ።