ውሃ የሚጨርስ አሮጌ ስፖርት መኪና፦ ፓምፑን ከመፍታታችሁ በፊት

አሮጌ ስፖርት መኪና ውሃ መቀነስ ሲጀምር መጀመሪያ ጣት የሚቀሰረው የውሃ ፓምፑ ላይ ነው። አንዳንዴ እውነትም እሱ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ግን አዲስ ፓምፕ ይገባል፣ ቺንጋው ይቀየራል፣ ኪስ ይራቆታል፣ በሳምንቱ ውሃው እንደገና ጎድሎ ይገኛል፤ ለካ ሲያፈስ የኖረው ከፓምፑ በላይ ያለ አንድ ማኒኮቶ (የጎማ ቱቦ) ነው። ውሃ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ መኪናው ሲሄድ ደግሞ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ጠብታው ካረፈበት ቦታ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ማየት ያሳስታል።

ሥራው የሚጀመረው በቀዝቃዛ ሞተር ነው። ይህን ቀልድ አታድርጉት። ብዙ የራዲያተር ወይም የውሃ ማጠራቀሚያ ክዳኖች ወደ 1 ባር የሚጠጋ ግፊት ይይዛሉ፣ በዚያ ግፊት ከውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ የተበጠበጠ ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ከ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑን በከፈታችሁ ቅጽበት ግፊቱ ይጠፋል፣ ውሃው በአንዴ ፈልቶ ፊታችሁ ላይ ይወጣል። ስለ ክዳን ካነሳን ደግሞ፣ ስፕሪንጉ የደከመ ወይም ጎማው የደረቀ ክዳን ግፊት ስለማይይዝ ውሃውን ቶሎ ያስፈላውና በትርፍ ማስወጫው ይተፋዋል። ባለቤቱ ማፍሰሻ ፍለጋ ሞተሩን ያስሳል፣ ጥፋተኛው ግን ከላይ ተቀምጧል። ከሁሉም ርካሹ ዕቃ እሱ ነው፤ ዕድሜው ካልታወቀ ዝም ብላችሁ ቀይሩት።

ከዚያ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ባትሪና ትንሽ መስታወት ይዛችሁ ኮፈኑን ክፈቱ። የምትፈልጉት እርጥብ ነገር ብቻ አይደለም። ሙቅ ሞተር ላይ ያረፈ ኩላንት ይተንና የደረቀ ምልክት ይተዋል፦ ነጭ ቅርፊት፣ አረንጓዴ ወይም ሮዝ መስመር። ምልክቱን ተከትላችሁ ወደ ላይ ውጡ፣ የሚጀምርበት ቦታ ነው ቁም ነገሩ። ማኒኮቶዎቹን ጨመቅ ጨመቅ አድርጉ፤ እንደ ሊጥ የለሰለሰም፣ ሲጨመቅ የሚንኮሻኮሽም ጊዜው አልፏል። ራዲያተሩ ላይ ፕላስቲኩ ከአሉሚኒየሙ ጋር የተያያዘበትን ጠርዝ ዳር እስከ ዳር ተመልከቱ። የቢኤምደብልዩ ኢ36 እና ኢ46 ባለቤቶች ይህን በደንብ ያውቁታል፣ የእነሱ የውሃ ማጠራቀሚያና የራዲያተር አንገት ፕላስቲክ ስለሆነ በሙቀት ብዛት ደርቆ ይሰነጠቃል።

ሞተራቸው ከኋላ ወይም መሃል ላይ የሆነ መኪኖች ሌላ ጣጣ አላቸው። ፖርሽ 911 በ996 ሞዴል በውሃ መቀዝቀዝ ከጀመረ ወዲህ ራዲያተሮቹ ፊት ናቸው፣ ሞተሩ ኋላ፣ ቧንቧው ደግሞ በመኪናው ሆድ ሥር ርዝመቱን ሁሉ ያካልላል። ቶዮታ ኤምአር2ም እንደዚሁ ነው። እዚህ ላይ ሞተሩን ብቻ አይቶ መመለስ ግማሽ ሥራ ነው፤ መኪናው በደንብ በቋሚ ስታንድ ላይ ተነስቶ ከፊት እስከ ኋላ መታየት አለበት።

ዓይን ካልበቃ የግፊት መሞከሪያ ተዋሱ ወይም ግዙ። በክዳኑ ቦታ የሚገጠም፣ ጌጅ ያለው የእጅ ፓምፕ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ግፊት ድረስ ንፉት፣ ከዚያ አታሳልፉ፣ ምክንያቱም ያረጀ ራዲያተር ተጨማሪ ግፊት አይወድም። ሩብ ሰዓት ያህል ተዉትና ጌጁን እዩ። ቀስቱ ከወረደና ውጭ ላይ የሚያፈስ ነገር ካገኛችሁ ተገላገላችሁ። ቀስቱ ወርዶ ውጭው ሁሉ ደረቅ ከሆነ ግን ነገሩ ውስጥ ነው። የተሳፋሪውን ምንጣፍ ንኩ፤ ከራሰ፣ ወይም የፊት መስታወቱ ጣፋጭ ሽታ ያለው ጉም ከለበሰ፣ የሂተሩ ትንሽ ራዲያተር ነው። እሱም ደረቅ ከሆነ ወደ ቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ወዳለው ማሸጊያ እንመጣለን። ምልክቶቹ፦ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማያቆም ነጭ ጭስ፣ ማጠራቀሚያው ውስጥ የማያባራ አረፋ፣ ዲፕስቲክ ላይ ወተት የመሰለ ዘይት። ማረጋገጫው በራዲያተሩ አፍ ላይ የሚያዝ ሰማያዊ ፈሳሽ ነው፣ የተቃጠለ ጋዝ ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል። ማዝዳ አርኤክስ7 ያላችሁ ሞተራችሁ በፒስተን ፈንታ ሮተር ስላለው ቴስታታ የሚባል ነገር ስለሌላችሁ እናንተ የምትፈሩት በሮተር ቤቶቹ መካከል ያሉትን የውሃ ሲሎች ነው።

አሁን ወደ ፓምፑ። ዘንጉ በሚያልፍበት አካል ላይ፣ ከታች በኩል፣ እርሳስ የማታስገባ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ሆን ተብላ ነው የተሠራችው። ውሃውን በሚያግደው ሲልና ዘንጉን በሚያዞረው ኩሽኔታ መካከል ስለሆነች ሲሉ ማሳለፍ ሲጀምር ውሃው ኩሽኔታው ውስጥ ሳይገባ በእሷ ይወጣል። ነጭ ሶፍት ጠቅልላችሁ ጫፉን አስነኳት፣ መኪናውን አሙቃችሁ ነዱ፣ ሲቀዘቅዝ በአዲስ ሶፍት ድገሙት። የደረቀ ቀጭን ምልክት ብቻውን የሞት ፍርድ አይደለም። ሶፍቱን የሚያረጥብና ቀለም የሚሰጥ ከሆነ ግን ፓምፑ አብቅቶለታል። ይህችን ቀዳዳ በሲሊኮን የሚደፍን ሰው አለ፣ እባካችሁ እንዳታደርጉት። ውሃው መውጫ ሲያጣ የኩሽኔታውን ግሪስ ያጥበዋል፣ ከዚያ የሚጠብቃችሁ የተጣበቀ ፓምፕ ነው።

ቺንጋውን አውልቃችሁ ፑሊውን፣ ቺንጋው የሚያዞረውን መዘውር፣ ያዙና ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት። የሚወላወል ከሆነ አለቀ። በእጅ ስታዞሩት አሸዋ የገባበት ያህል ከተንገራገጨም እንዲሁ። የሚያፏጭ ወይም የሚያጉረመርም ድምፅ ሲኖር ረጅም ካቻቢቴ ፓምፑ ላይ አሳርፎ እጀታውን ጆሮ ላይ ማድረግ የቆየ ዘዴ ነው፤ ይሠራል፣ እጅጌና ፀጉር ከቺንጋው ይራቅ እንጂ። ቺንጋውን የሚወጥረው ፑሊና ዲናሞም ተመሳሳይ ድምፅ ስለሚያወጡ ፓምፑን የሚያዞረው የውጭ ቺንጋ ከሆነ አውልቃችሁ ሞተሩን ለጥቂት ሰከንድ ብቻ አስነሱ። ድምፁ ከጠፋ ከነዚህ አንዱ ነው፣ ካልጠፋ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

አስቸጋሪው ጠብታም ድምፅም የሌለው ፓምፕ ነው። ውስጥ ያለው ውሃውን የሚገፋ ማሽከርከሪያ ፕላስቲክ ከሆነ ተሰንጥቆ ዘንጉ ላይ ብቻውን ይዞራል፣ ብረት ከሆነ ደግሞ ጥርሱ በዝገት ያልቃል። ፑሊው ይዞራል፣ ውሃው ግን ቆሟል። ምልክቱ ሞተሩ እየሞቀ ሂተሩ ቀዝቃዛ አየር ሲነፋ፣ ወይም ፍጥነት ስትጨምሩ ሙቀቱ አብሮ ሲወጣ ነው። በትራፊክ ብቻ ሞቆ ሲነዳ የሚቀዘቅዝ መኪና ግን ችግሩ ፋኑ ነው። ውሃው ሲሞቅ መከፈት ሲገባው ተዘግቶ የቀረ ቴርሞስታትም ፓምፕ የሞተ ያስመስላል። አውጡትና ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር እያሞቃችሁ እዩት፤ ላዩ ላይ በተጻፈው ዲግሪ አካባቢ መከፈት ከጀመረ ደህና ነው። ኤሌክትሪክ ፓምፕ ያላቸው፣ ለምሳሌ ኤን52 እና ኤን54 ሞተር ያላቸው ቢኤምደብልዩዎች፣ ሳያስጠነቅቁ ስለሚቆሙ እነሱን በኮምፒውተር ማንበብ ይሻላል።

የክሩስኮቶውን የሙቀት ቀስት ደግሞ ከልክ በላይ አትመኑት። ብዙ መኪኖች ላይ ሰፊ የሙቀት ልዩነት እያለ ቀስቱ መሃል ላይ ንቅንቅ እንዳይል ተደርጎ ነው የተሠራው። ወጥቶ የነበረ ቀስት በድንገት ሲወርድ “ተመስገን” ከማለታችሁ በፊት አቁሙ፤ ውሃው አልቆ ሴንሰሩ ባዶ አየር እየለካ ሊሆን ይችላል።

ፓምፑ መሞቱ ከተረጋገጠ መነዳት ይችል እንደሆነ የሚወስነው የሚያዞረው ቺንጋ ነው። በውጭ ቺንጋ የሚዞር ከሆነ ጉዳቱ መሞቅ ነው፣ ቶሎ ከቆማችሁ ትተርፋላችሁ። እንደ ፖርሽ 944 በታይሚንግ ቺንጋ፣ ማለትም የቫልቮቹን እንቅስቃሴ ከፒስተኖቹ ጋር በሚያቀናጀው ቺንጋ፣ የሚዞር ከሆነ ግን ፓምፑ ሲጣበቅ ቺንጋው ይዘላል ወይም ይበጠሳል፣ ቫልቮቹ ከፒስተን ይጋጫሉ። እንዲህ ያለው መኪና ፓምፑ ካንጠባጠበ ወይም ካጉረመረመ እስከ ጋራዥም ቢሆን በጭነት ነው የሚሄደው። ፓምፑ ሲወጣ ታይሚንግ ቺንጋውና መወጠሪያው አብረው ይቀየሩ፣ እዚያ ድረስ ተፈትቶ አሮጌ ቺንጋ መልሶ መግጠም ቁጠባ አይባልም።

ሲሞላ በአምራቹ የተፈቀደውን ኩላንት ከተጣራ ውሃ ጋር ተጠቀሙ፣ የተለያየ ዓይነት አትቀላቅሉ። ያወጣችሁትን አሮጌ ኩላንት ሜዳ ላይ አትተዉት፤ ስለሚጣፍጥ ውሻና ድመት ይልሱታል፣ ይገድላቸዋልም። ሂተሩን እስከ መጨረሻው ሙቅ ላይ አድርጋችሁ፣ የመኪናውን አፍንጫ ከፍ አድርጋችሁ፣ ማስተንፈሻ ቡሎን ካለው ከፍታችሁ አረፋ የሌለው ውሃ እስኪወጣ ድረስ ቀስ ብላችሁ ሙሉ። ቧንቧቸው ረጅም የሆኑት ትዕግሥት ይጠይቃሉ። በማግስቱ ጠዋት መጠኑን አይታችሁ የግፊት ሙከራውን ድገሙ፣ የታችኛውን መሸፈኛ የምትገጥሙት የጌጁ ቀስት ባለበት ከቆየ ብቻ ነው።