በፉድ ፕሮግራም ላይ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ ቤታቸው ዴይኬር ከፍተው ልጆች የሚጠብቁ ብዙ እህቶች አሉን። ለልጆቹ ላቀረቡት ምግብ መንግሥት በዩኤስዲኤ (በግብርና ሚኒስቴሩ) በኩል ገንዘብ ይከፍላል። ወረቀት ላይ ስሙ ሲኤሲኤፍፒ ነው፤ እኛ ፉድ ፕሮግራም እንለዋለን። ገንዘቡ የሚደርሰን ስፖንሰር በሚባል ድርጅት በኩል ነው።

ቀኑን ሙሉ አብስላ ያበላች ሴት ገንዘቧ ሲቆረጥ ማየት ያንገበግበኛል። ባየሁት ልክ፣ ብዙዎቻችን የምንቀጣው ዋሽተን ሳይሆን ወረቀቱን ስላሳደርን ነው።

«አርብ ማታ እሞላዋለሁ» ማለት

እኔም እንዲሁ ነበርኩ። አንድ ማክሰኞ ምሳ እያቀረብኩ በር ተንኳኳ። የስፖንሰሩ ሠራተኛ ናት። ጠረጴዛው ላይ ምስር፣ ሩዝ፣ ካሮት፣ ብርቱካንና ወተት ነበር፤ ምንም አልጎደለም። የሰኞን ወረቀት ጠየቀችኝ። ባዶ ነው። ሰኞ ያበላሁት ቁርስ፣ ምሳና መክሰስ በሙሉ ተቆረጠ። ልጆቹ በልተዋል፣ እኔም አብስያለሁ፤ ግን ማስረጃ የለኝም።

ደንቡ ምን እንዳቀረባችሁና የትኛው ልጅ እንደበላ በየቀኑ እንድትመዘግቡ ያዛል። ስፖንሰሩ በመደበኛው በዓመት 3 ጊዜ ይመጣል። ቢያንስ 2ቱ ሳይነገራችሁ ነው፤ ከእነሱም አንዱ ልጆቹ ሲበሉ ለማየት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወረቀቱን ፍሪጁ በር ላይ በማግኔት ሰቀልኩት፤ እስክሪብቶውንም በክር አሰርኩበት። ልጆቹ ወንበራቸው ላይ ሲቀመጡ እያየሁ ምልክት አደርጋለሁ። በስልክ የምትሞሉም ስልኩን ምግብ ሰዓት ላይ ከእጃችሁ አታርቁት።

የሌለ ልጅ መቁጠር

ይሄ የሚመጣው ከልማድ ነው። ሁልጊዜ 6 ልጅ ስለሚበላ እጃችን 6 ይጽፋል። አንዷ ግን ያን ቀን ታማ ቀርታለች። ወይም እናቷ 9 ሰዓት ላይ መጥታ ወስዳታለች፣ መክሰሱ ደግሞ 9 ሰዓት ተኩል ነው። ስፖንሰሩ የ5 ቀን የምግብ ቆጠራችሁን ከመግቢያና መውጫ ፊርማው ጋር ያመሳክራል። ሁለቱ ካልገጠሙ ከባድ ጥያቄ ይመጣል። ወላጅ ሳይፈርም ሲወጣ «ችግር የለም» አትበሉ፤ በር ላይ አስቁማችሁ አስፈርሙ።

ለአንድ ልጅ በቀን የሚከፈለው ቢበዛ ለ2 ምግብና ለ1 መክሰስ፣ ወይም ለ1 ምግብና ለ2 መክሰስ ነው። ከዚያ በላይ ብታበሉ ጽድቁ የእናንተ ነው፣ ክፍያ ግን የለውም።

ለሁሉም አንድ ጋሎን ወተት

ዓመት የሞላው ልጅ 2 ዓመት እስኪሞላው ስቡ ያልወጣለት ሙሉ ወተት ይጠጣል። ከ2 ዓመት በኋላ 1 በመቶ ስብ ያለው ወይም ስብ የሌለው ነው። ብዙ ቤት ግን ፍሪጅ ውስጥ የሚገኘው ባለ 2 በመቶ ጋሎን ነው፤ እሱ ደግሞ ለአንዱም አይሆንም። ቸኮሌት ወተትም ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይቆጠርም።

ጾም ሲገባ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቁርስና ምሳ ያለ ወተት አይከፈልም። ወላጅ በጽሑፍ ከጠየቀ ከላም ወተት ጋር የሚመጣጠን የሶያ ወተት መስጠት ይቻላል። የለውዝ ወተት ግን ፕሮቲኑ አነስተኛ ስለሆነ አብዛኛው አያልፍም።

የእኛን ምግብ በትክክል አለመመዝገብ

እዚህ ላይ ብዙ ይባክናል። የእኛ ምግብ ለዚህ ፕሮግራም የሚመች ነው። ምስር የሥጋ ምትክ ሆኖ ይቆጠራል። ከ3 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ ለምሳ የሚያስፈልገው የበሰለ ምስር የአንድ ኩባያ 3/8ኛ ነው። አትክልት ሆኖም ሊቆጠር ይችላል፤ ግን በአንድ ገበታ ላይ ሁለቱንም አይሆንም። ምስሩን በሥጋ ቦታ ከጻፋችሁት ጎመን ወይም ካሮት ጨምሩ።

በየቀኑ አንዱ እህል ሙሉ እህል (ቅርፊቱ ሳይወጣለት የተፈጨ) መሆን አለበት። ንጹህ የጤፍ እንጀራ ይህን ያሟላል። ከሌላ ዱቄት ጋር ከቀላቀላችሁ ግን ቢያንስ ግማሹ ሙሉ እህል ይሁን፤ የዱቄቶቹን ከረጢት ቆርጣችሁ አስቀምጡ። መዝገቡ ላይ «እንጀራ» ብቻ ብትሉ የምታነበው የስፖንሰሩ ሠራተኛ አታውቀውም። «የጤፍ እንጀራ፣ ሙሉ እህል» በሉት።

ሳምቡሳ የምትወዱ፣ አዝናለሁ፤ ዘይት ውስጥ ተጠብሶ የሚወጣ ምግብ ቤት ውስጥ መሥራት አይፈቀድም። በኦቨን ጋግሩት፤ ልጆቹ ልዩነቱን አይጠይቁም። ኬክና ብስኩት እንደ እህል አይቆጠሩም። ጁስም በቀን አንዴ ብቻ ነው።

የራስን ልጅ ዝም ብሎ መጻፍ

የራሳችሁ ልጅ የሚቆጠረው የቤታችሁ ገቢ ለፕሮግራሙ ብቁ ከሆነ ነው። ያም ሆኖ፣ የተመዘገበ የሌላ ቤት ልጅ በዚያው ገበታ አብሮ መብላት አለበት። ሌላው ልጅ በሌለበት ቀን የእናንተም አይጻፍም።

የገቢ ፎርሙን መተው

ክፍያው ሁለት ደረጃ አለው፤ ሁለተኛው በጣም ያነሰ ነው። ሰፈራችሁ ለከፍተኛው ደረጃ ብቁ ካልሆነ «በቃ» ብላችሁ አትተዉ። የራሳችሁ ገቢ ዝቅተኛ ከሆነ በእሱ ልታልፉ ትችላላችሁ። ያም ካልሆነ የምትጠብቋቸው ልጆች ወላጆች የገቢ ፎርም ለስፖንሰሩ መላክ ይችላሉ፤ ብቁ ለሆኑት ልጆች በከፍተኛው ይከፈላችኋል። ይህን ሳያውቁ ለዓመታት በትንሹ የኖሩ አሉ፤ ያሳዝነኛል።

የልጆቹ ምዝገባ ፎርም በየዓመቱ በወላጅ ይታደሳል። ወረቀቶቻችሁን ከያዝነው ዓመት በተጨማሪ የ3 ዓመት አቆዩ።

ደብዳቤውን ፈርቶ መደበቅ

ከባድ ጉድለት ሲገኝ ስፖንሰሩ ደብዳቤ ይጽፋል። ምን እንደሚታረምና እስከ መቼ ይነግራል፤ ጊዜው ከ30 ቀን አይበልጥም። ካልታረመ ከስፖንሰሩ ጋር ያላችሁ ውል ሊቋረጥ ይችላል፤ ስማችሁም በአገር አቀፍ የታገዱ ዝርዝር ላይ እስከ 7 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ከማቋረጡ በፊት ይግባኝ የማለት መብት አላችሁ።

አንዲት ጓደኛዬ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከታዋለች። እንግሊዝኛው ከብዷት፣ ለማንም መንገርም አፍራ። ስታሳየኝ 2 ቀን ቀርቷት ነበር። ልጆቹ ተኝተው ሳለ ወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለን መልሱን ጻፍን። ምግቡን ከእንግዲህ ማን፣ መቼ፣ የት እንደሚመዘግብ ዘረዘርን። ፍሪጁ ላይ ለተሰቀለው አዲስ ወረቀት ፎቶ አንስተን አያያዝን። ስፖንሰሩ ተቀበላት። ዛሬም 7 ልጆች ታበላለች።