የሀረማያ አሳ እንዲበረክት ከፈለጋችሁ

አቦ ሀረማያ ውሃው ተመለሰ ብላችሁ መረብ ይዛችሁ ከመሮጣችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። ሀይቁ እኮ በኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ጭራሽ ደርቆ ነበር፣ ለጫትና ለአትክልት መስኖ፣ ለሀረር ከተማም ሲሳብ ሲሳብ፣ ደለሉም ሲሞላው።

መጀመሪያ መረብ። በአጎበር ማስገር ይቅርባችሁ፣ ጣት የሚያክለውን ጫጩት ሁሉ ጠራርጎ ነው የሚያወጣው። ከመዳፍ የሚያንስ አሳ የሚያመልጥበት ሰፊ ቀዳዳ ያለው መረብ ያዙ።

ዋናው ግን ቆሮሶ ላይ ነው፣ ያው ቲላፒያ የምንለው። እናቲቱ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ነው የምትይዘው፣ ጫጩቶቹም ተፈልፍለው ሲደነግጡ ተመልሰው እዛው ይገባሉ፣ ስለዚህ የያዛችኋት አሳ ከአገጯ ስር አበጥ ካለች ወይ አፏ ውስጥ ቢጫ ፍሬ ካያችሁ እጃችሁን አርጥባችሁ ቶሎ ወደ ውሃው መልሷት፣ በደረቅ እጅ ከጨበጣችኋት የሰውነቷ ልጋግ ይነሳና ለበሽታ ትጋለጣለች። አንዷን ስለለቀቃችሁ አትከስሩም!

አምባዛ ደግሞ ዝናብ ሲጥል ውሃ የተኛበት ሳር ውስጥ ነው እንቁላሉን የሚጥለው፣ እና ክረምት ላይ ዳር ዳሩን ተዉት፣ ሳሩንም አትጨዱ፣ መሬቱንም እስከ ውሃው አፍ ድረስ አትረሱ፣ ደለሉንም የሚይዘው ሳሩ ነው።

ፓምፕ ያላችሁ ጀመዓ፣ ጫቱ እንጀራችሁ እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን የመምጠጫው ቱቦ አፍ ላይ ወንፊት እሰሩ፣ ጫጩቱ አብሮ እየተሳበ ማሳ ላይ ነው የሚቀረው። ወንፊቱን ቅጠል ስለሚደፍነው ቶሎ ቶሎ አራግፉት። ሀረርና ድሬ ያላችሁ ገዢዎችም ትንንሹን አትግዙ፣ ገበያ ካጣ ማንም አያወጣውም።