(2ቀ − 3)⁴ን በፓስካል ሦስት ማዕዘን እንዴት እንዘረዝራለን?

(2ቀ − 3)⁴ን ዘርዝሩ ሲባል ብዙ ተማሪ ቅንፉን አራት ጊዜ ጽፎ ማባዛት ይጀምራል። መልሱ ላይ መድረስ ይቻላል፤ ግን መሀል ላይ አንድ የመቀነስ ምልክት ከተረሳች ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። የፓስካል ሦስት ማዕዘን ከዚህ ጣጣ ይገላግላል።

መጀመሪያ ሦስት ማዕዘኑን ሥሩ። ከላይ 1፣ ከሥሯ 1 1 ጻፉ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ረድፍ በ1 ይጀምርና በ1 ያልቃል፣ መሀል የሚገባው ቁጥር ደግሞ ከላዩ ያሉት የሁለቱ ጎረቤታሞች ድምር ነው።

1
1 1
1 2 1
1 3 3 1
1 4 6 4 1

ፈረንሳዊው ፓስካል ስለዚህ ነገር የጻፈው በ1654 አካባቢ ነው፤ ቻይናና ፋርስ (የዛሬዋ ኢራን) ውስጥ ግን ከእሱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት በፊት ይታወቅ ነበር። ኢራን ውስጥ ዛሬም በፋርሳዊው የሒሳብ ሊቅ በኦማር ኻያም ስም የኻያም ሦስት ማዕዘን ነው የሚባለው።

የትኛውን ረድፍ እንውሰድ? ከ1 ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ተመልከቱ። አርቢያችን 4 ስለሆነ 1 4 6 4 1 የእኛ ነው።

ቀጥሎ አርቢዎቹን አስገቡ። የ2ቀ አርቢ ከ4 ወደ 0 ይወርዳል፣ የ−3 ደግሞ ከ0 ወደ 4 ይወጣል። የመቀነስ ምልክቷን ከ3 አትነጥሏት።

1(2ቀ)⁴ + 4(2ቀ)³(−3) + 6(2ቀ)²(−3)² + 4(2ቀ)(−3)³ + 1(−3)⁴

እዚህ ጋ አትቸኩሉ፣ ቅንፎቹንም አትዝለሉ። (2ቀ)³ ማለት 8ቀ³ ነው እንጂ 2ቀ³ አይደለም፤ ፈተና ላይ ነጥብ የሚበላው ይሄ ነው። ለምሳሌ የመሀለኛው ቁም 6 × 4ቀ² × 9 ነው፣ ሲባዛ 216ቀ² ይሆናል። ያቺ 6 ዝም ብላ አልመጣችም፦ ከአራቱ ቅንፎች 2ቀን ከሁለቱ፣ −3ን ከቀሩት ሁለቱ ለመውሰድ ያሉት መንገዶች በትክክል 6 ናቸው።

ሁሉንም ስናባዛ፦

16ቀ⁴ − 96ቀ³ + 216ቀ² − 216ቀ + 81

ሳታረጋግጡ አትለፉ። በቀ ቦታ 1 አስገቡ፦ ጥያቄው (2 − 3)⁴ = 1 ይሆናል፣ መልሱም 16 − 96 + 216 − 216 + 81 = 1። ሁለቱ ካልተገናኙ በመጀመሪያ ምልክቶቹን ፈትሹ።

አርቢው እስከ 7 ወይም 8 ድረስ ይሄ መንገድ እጅግ ፈጣን ነው። 20 ከሆነ ግን ያን ሁሉ ረድፍ ከመደርደር የመምረጫ መንገዶችን ብዛት በቀጥታ የሚሰጠውን የኮምቢኔሽን ቀመር መጠቀም ይሻላል።