የጌማችሁ ካርታና ታሪክ እንዳይጋጩ እንዴት ማድረግ ይቻላል

አንድ ተጫዋች መንደሩ መግቢያ ላይ አንድ ሽማግሌ ያገኛል። ሽማግሌው «ዋና ከተማው የአምስት ቀን መንገድ ነው፤ ስንቅህን ሳትይዝ እንዳትወጣ ልጄ» ይለዋል። ተጫዋቹ ዞር ሲል የከተማው ግንብ ከኮረብታው በላይ ብቅ ብሎ ይታየዋል። ሁለት ደቂቃ ሮጦ በሩ ላይ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው ስለ ጦርነቱም ያውራ ስለ ንጉሡ፣ የሚያምነው የለም።

ተጫዋች ከተጻፈለት ታሪክ ይልቅ እግሩን ያምናል። የፋንታሲ ኦንላይን ጌም ካርታና የዓለሙን ታሪክ፣ ማለትም ሎሩን፣ ስናስማማ መነሻችን ይሄ መሆን አለበት። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ትልቅ ቡድን ውስጥ ለሚሠራም፣ ከጓደኞቹ ጋር ትንሽ ሰርቨር ለሚያስኬድም ይሆናል።

1. ዳኛ የሚሆን አንድ ካርታ ምረጡ

ጌም ሲሠራ ካርታው አንድ ብቻ አይሆንም። ሠዓሊው መጀመሪያ የሣለው አለ። ጌሙን በሚያስኬደው ፕሮግራም፣ ማለትም በሞተሩ ውስጥ የተገነባው መሬት አለ። ተጫዋቹ ቁልፍ ተጭኖ የሚከፍተው የብራና መልክ ያለው አለ። ደራሲው ደብተሩ ላይ የሞነጫጨረውም አለ። አራቱ ሲለያዩ የማንኛው ቃል እንደሚጸና ከሥራው መጀመሪያ ተወስኖ መጻፍ አለበት። የእኔ ምርጫ ሁልጊዜ ሞተሩ ውስጥ ያለው መሬት ነው። ተጫዋቹ የሚረግጠው እሱን ነውና።

ስለ መሣሪያ ካነሳን፣ ኢንካርኔትና ወንደርድራፍት የተባሉት የካርታ መሣያ ፕሮግራሞች በጣም የሚያምር ካርታ ያወጣሉ። ግን የሚያወጡት ሥዕል ነው። ርቀቱ በዓይን ግምት የተቀመጠ ስለሆነ ለመለኪያ አትመኑት። የአዝጋር ካርታ ማመንጫ በብራውዘር በነፃ ይሠራል፤ ወንዝና አየር ጠባይ ራሱ ስለሚያሰላ ለመነሻ ጥሩ ነው። ቁምነገር ላለው ሥራ ግን ኪው ጂአይኤስ የተባለውን የእውነተኛ ካርታ መሥሪያ ፕሮግራም እመክራለሁ። ነፃ ነው፣ ለመልመድ ጊዜ ይወስዳል፣ ከለመዱት በኋላ ግን የሁለት ቦታዎችን ርቀት በሁለት ክሊክ ይነግራችኋል።

2. ርቀትን በቀን ቁጠሩ፣ ከዚያ አንድ ምጥጥን ያዙ

አብዛኛው ጌም የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ታሪኩ ስለ ሰፊ መንግሥታት ያወራል። ተጫዋች ግን አምስት ቀን ሙሉ መሮጥ አይፈልግም። ስለዚህ የጌም መሬት የግድ ይጨመቃል። መጨመቁ ችግር የለውም። ችግሩ አንዱ ቦታ በሠላሳ፣ ሌላው በመቶ ሲጨመቅ ነው። ያን ጊዜ የሁለት ቀኑ መንገድ ከአምስት ቀኑ ይረዝምና ካርታው ትርጉም ያጣል።

በቁጥር እንሥራው። ዕቃ የተሸከመ ሰው በእግሩ በቀን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል እንበል። ስለዚህ የአምስት ቀን መንገድ 125 ኪሎ ሜትር ነው። ጌሙ ውስጥ ገጸ ባህርይው በሰከንድ 6 ሜትር ይሮጣል፤ ጉዞውም ከ10 ደቂቃ እንዳይበልጥ ፈለግን። በ10 ደቂቃ 3,600 ሜትር ይሮጣል። 125 ኪሎ ሜትር ለ3.6 ሲካፈል 35 ገደማ ይመጣል። በቃ፣ ምጥጥናችን 35 ነው። የሁለት ቀን መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለ35 ሲካፈል 1.4 ኪሎ ሜትር፣ በሩጫ 4 ደቂቃ አካባቢ። ለደራሲዎቹ የሚሰጠው ደንብ ደግሞ ከዚህም ያጠረ ነው፦ በታሪኩ አንድ ቀን፣ በጌሙ ሁለት ደቂቃ። ይህን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሁሉም የሚያየው ቦታ ለጥፉት።

ኪሎ ሜትር ግን ገጸ ባህርያት አፍ ውስጥ አታስገቡ። «125 ኪሎ ሜትር ነው» ያለ ገጸ ባህርይ በተጫዋቹ ሜትር ወዲያው ይያዛል። «አምስት ቀን ያስኬዳል» ያለው ግን አይያዝም። ፈረስ በቀን ከ40 እስከ 50 ኪሎ ሜትር፣ በሬ የሚጎትተው ጋሪ ከ15 እስከ 20 ነው ብላችሁ ብትነሡ ብዙም አትሳሳቱም። ጋሪው ከእግረኛ ቀድሞ የሚደርስበት ታሪክ ካላችሁ አስተካክሉት።

ቀጥሎ ዓይን አለ። ብዙ ሰው ርቀቱን ያስተካክልና እይታውን ይረሳዋል። እኛ የምንኖርበት ምድር ክብ ስለሆነ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው መሬቱን የሚያየው እስከ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። 100 ሜትር ከፍታ ያለው ማማ ላይ ቢወጣ 36 ኪሎ ሜትር ያህል ያያል። የጌም መሬት ግን አብዛኛውን ጊዜ ዝርግ ነው፤ ምንም ነገር ከአድማስ በታች አይወርድም። ስለዚህ የመሬቱ ክብነት የሚሠራውን ሥራ እናንተ መሥራት አለባችሁ። ምጥጥኑን እዚህም ተጠቀሙበት፦ 36 ለ35 ሲካፈል አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከማማው ላይ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ያለ ከተማ በጉም፣ በደን ወይም በተራራ ሰንሰለት ይከለል። ተራሮች ቢታዩ ችግር የለም፤ እውነተኛ ተራራም ከሩቅ ይታያል። ከተማን ግን ደብቁት። መንገዱን በሸለቆ ውስጥ አጠማዝዞ ማሳለፍ ከጉም ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ከተማው በመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ድንገት ሲገለጥ ተጫዋቹ የሄደው መንገድ ረጅም ሆኖ ይሰማዋል።

ሰዓትስ? እዚህ ላይ ለማስማማት አትልፉ። ስካይሪም በተባለው ጌም ላይ ለምሳሌ፣ ቅንብሩ ካልተነካ አንድ የእውን ደቂቃ 20 የጌም ደቂቃ ነው፤ አንድ ሙሉ ቀን በ72 ደቂቃ ያልፋል። በእኛ ምሳሌ ግን አንድ የጉዞ ቀን ሁለት ደቂቃ ነው። ፀሐይን በሁለት ደቂቃ ዓለምን እንድትዞር ብታደርጓት ተጫዋቹን ያዞረዋል። ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ ተዉአቸውና ንግግሩን ጠብቁ። «ጎህ ሲቀድ ወጥቼ ማታ ደረስኩ» የሚል ገጸ ባህርይ ችግር ይፈጥራል፤ ተጫዋቹ ያንኑ መንገድ ሄዶ ፀሐይዋን ያያታልና። «የአንድ ቀን መንገድ» የሚለው ግን ያልፋል።

ቤት፣ በርና ድልድይ አይጨመቁም። የሕዝብ ቁጥርም ተጫዋቹ መቁጠር ከቻለ አይጻፍ። ስድሳ ሰው የሚታይበትን ከተማ «ሃምሳ ሺህ ነዋሪ አለው» ማለት ምን ያደርጋል?

3. ወንዝ፣ ዝናብና ፀሐይ

ወንዞች ወደ ታች ሲወርዱ ይገናኛሉ እንጂ ባሕር ሳይደርሱ አይከፋፈሉም ማለት ይቻላል። ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ያለው ካሲኪያሬ ከኦሪኖኮ ተገንጥሎ ወደ አማዞን ተፋሰስ ይገባል፤ እንዲህ ያለው ግን ብርቅ ነው። ጌማችሁ ውስጥ ካስገባችሁ ታሪኩም ያውራለት። ሐይቅ በአብዛኛው አንድ መውጫ ነው ያለው። ነፋስ ከባሕር የሚነፍስበት የተራራ ጎን ለምለም ሲሆን ከጀርባው ያለው ይደርቃል። በረሃና ጫካ ጎን ለጎን ካስቀመጣችሁ መሃላቸው ተራራ ወይም አስማት ያስፈልጋል።

ፀሐይን ደግሞ ራሳችሁ ጌሙ ውስጥ ገብታችሁ ቆማችሁ እዩ። «ፀሐይ ከአባቶች ተራራ ጀርባ ስትወጣ» የሚል መዝሙር ተጽፎ ተራራው በምዕራብ በኩል ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው።

4. የቦታ መዝገብ

ኤክሴል ይበቃል። ለእያንዳንዱ ቦታ አንድ መስመር፦ የማይለወጥ መለያ ቁጥር፣ የአሁን ስም፣ የድሮ ስም፣ ማን እንደሚገዛው፣ ከስንት ዓመት ጀምሮ፣ ለጎረቤቶቹ ያለው ርቀት በቀን። የመጨረሻው ዓምድ ከሁሉም ይበልጣል፦ ይህን ቦታ የሚጠቅሱ ተልዕኮዎች፣ ንግግሮችና ጽሑፎች ዝርዝር። ያ ዓምድ ከሌለ አንድ ድልድይ ሲነሳ ማን ማን እንደሚነካ የሚያውቅ አይኖርም። የካርታ ዲዛይነሩ ድልድዩን ለሩጫ ስላልተመቸው ያነሳዋል። ደራሲው ትልቁን ጦርነት እዚያ ድልድይ ላይ አድርጎታል። ሁለቱም ሥራቸውን በትክክል ሠርተዋል፤ ጌሙ ግን ተበላሸ።

ንግግር ውስጥ የቦታ ስም በእጅ አይጻፍ። መለያ ቁጥሩ ይግባና ስሙን ጌሙ ራሱ ያምጣው። ስም ሲቀየር አንድ ቦታ ብቻ ነው የምትነኩት።

5. ገጸ ባህርያት የሚይዙት ካርታ

በዓለሙ ውስጥ ያለ ካርታ ቢሳሳት ምንም አይደለም። እንዲያውም ሕይወት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1798 ጀምስ ረኔል ምዕራብ አፍሪካን አቋርጦ የሚያልፍ የኮንግ ተራሮች የሚባል ሰንሰለት ካርታ ላይ ሣለ። ሌሎች ከእሱ ገለበጡ። ፈረንሳዊው መኮንን ሉዊ ጉስታቭ ቢንዤ ከ1887 እስከ 1889 ባደረገው ጉዞ ተራሮቹ እንደሌሉ እስኪያረጋግጥ ድረስ ምዕተ ዓመት ሊሞላቸው ትንሽ ሲቀር ካርታ ላይ ኖሩ። የሌለ ተራራ ፍለጋ የወጣ የነጋዴ ቡድን ምን የመሰለ ተልዕኮ እንደሚሆን አስቡት!

ግን ስህተቱ ሆን ተብሎ የገባ ይሁን፤ መዝገቡ ላይም «ይህ ካርታ እዚህ ጋ ይዋሻል፤ የዋሸውም እገሌ ነው» ተብሎ ይጻፍ። ካልተጻፈ ከሁለት ማሻሻያ በኋላ የራሳችሁ ሰው «ስህተት አገኘሁ» ብሎ ያስተካክለዋል።

6. መሬቱ ሲቀየር

ኦንላይን ጌም አያልቅም፤ ስለዚህ ካርታው መለወጡ አይቀርም። ለውጡን ታሪኩ ቢሸከመው ጥሩ ነው። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የተባለው ኦንላይን ጌም እ.ኤ.አ. በ2010 ካታክሊዝም በተባለው ማስፋፊያ የድሮ አህጉሮቹን አፈራርሶ ሠራቸው፤ ዴዝዊንግ የተባለ ዘንዶ ምድሪቱን ሰነጠቃት ተባለ። ምክንያቱ ከታሪኩ የወጣ ስለሆነ ተዋጠ። ጣጣው ሌላ ቦታ ወጣ። በ2007 የተጨመረው አውትላንድ የተባለ ሌላ ዓለም አልተነካም ነበር፤ ታሪኩ ከጥፋቱ በፊት እንደነበረው ቀረ። አዲስ ተጫዋች ከፈራረሰው ዓለም ተነስቶ ወደዚያ ሲሻገር ጊዜ ወደ ኋላ ተመለሰበት። ከዚህ የምወስደው ነገር አለ፦ አንድ ዞን ስትነኩ ከእሱ የሚወጡትን መንገዶች ሁሉ ተከትላችሁ ተጫዋቹ ቀጥሎ የሚደርስበትን ዓመት መዝገቡ ላይ እዩ።

ስህተቱን ተጫዋቾች ቀድመው ካገኙትስ? ያገኙታል፤ እናንተ በቁጥር ትንሽ ናችሁ፣ እነሱ ብዙ። በዚያው በ2010 የጌሙ ሠሪ ብሊዛርድ ለተጫዋቾች በሚያዘጋጀው ብሊዝኮን በተባለ ስብሰባ መድረክ ቀይ ሸሚዝ የለበሰ አንድ ተጫዋች ተነስቶ የድንኮች ከተማ በሆነችው በአይረንፎርጅ ምክር ቤት ውስጥ ፎልስታድ ዋይልድሀመር የተባለው የድንኮች መሪ ለምን እንደሌለ ጠየቀ። ሠሪዎቹ የሞተ መስሏቸው ነበር። ፎልስታድን ቦታው ላይ አስገቡት፤ አጠገቡም ቀይ ሸሚዝ የለበሰ መረጃ አጣሪ ድንክ አቆሙ። እንዲህ ነው የሚስተካከለው፤ ተጫዋቹን ማመስገን፣ ስህተቱን ማረም፣ መዝገቡ ላይ ማስገባት።

ታሪኩን ወደ ኋላ ተመልሶ መቀየር ግድ ሲሆን ምክንያት ስጡት። ስካይሪም የሚገኝበት የኤልደር ስክሮልስ ጌሞች ዓለም ውስጥ ሲሮዲል የተባለው አገር እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣ ጽሑፍ በአብዛኛው ጥቅጥቅ ያለ የሐሩር ደን ነበር። በ2006 ኦብሊቪየን የተባለው ጌም ሲወጣ ቀዝቀዝ ያለ ሜዳና ጫካ ሆነ። በጌሙ ውስጥ ያሉ ጽሑፎች አንድ ንጉሠ ነገሥት በመለኮታዊ ኃይሉ አገሩን እንደለወጠው ፍንጭ ሰጡ። ዛሬ ያ ማብራሪያ ራሱ የታሪኩ አካል ነው።

7. በእግር ሂዱት

ቴሌፖርት፣ ማለትም በቅጽበት ከቦታ ቦታ መዝለያውን፣ አጥፉ። ፈረሱን ተዉት። ከእያንዳንዱ ከተማ ወደ ጎረቤቱ ሩጡና ደቂቃውን መዝግቡ፤ ከዚያ መዝገቡ ላይ ካለው ቀን ጋር አስተያዩት። በአንድ ቀን ሁለት ደቂቃ ካልመጣ ወይ መሬቱን ወይ ንግግሩን አስተካክሉ። ከመንገዱ ዳር የቆመውን ሰው ሁሉ አናግሩ፤ «በስተሰሜን» ሲላችሁ ኮምፓሱን እዩ። ይህን ሥራ ካርታውን የሠራው ሰው ባይሠራው ይሻላል፤ መንገዱን ስለሚያውቅ አቋራጩን ሳያስበው ይይዛል። መሬቱ በተነካ ቁጥር የተነካውን መንገድ እንደገና ሩጡት።