የመጀመሪያ የነርስነት ሥራ ሲጀመር፦ «ገና አልተዘጋጀሁም» ለሚሉ

ትምህርቱን ጨርሶ፣ ፈተናውን አልፎ ዋርድ (የተኝቶ መታከሚያ ክፍል) የገባ ነርስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «የተማርኩት ሁሉ የት ገባ?» ቢል አይገርምም። ተማሪ ሳለ የሚይዘው አንድ ወይም ሁለት በሽተኛ ነበር፤ አስተማሪም ከጎኑ አይጠፋም። አሁን ግን ለአንዱ መድኃኒት ሲያዘጋጅ የሌላው ግሉኮስ ያልቃል፣ የሦስተኛው አስታማሚ ይጠራዋል፣ በዚያው ላይ ራውንድ (ሐኪሞች በሽተኞችን እየዞሩ የሚያዩበት) ይጀመራል። ብዙውን ጊዜ የጎደለው እውቀት አይደለም፤ ይህን ሁሉ ባንድ ጊዜ ይዞ አንዱንም ሳይረሱ መዋል ነው። ይህ ደግሞ ሥራው ላይ እንጂ ክፍል ውስጥ አይለመድም። የነርሲንግ ተመራማሪዋ ፓትሪሺያ ቤነር እ.ኤ.አ. በ1984 እንዳስቀመጠችው፣ ነርስ «ብቁ» ወደሚባለው ደረጃ የሚደርሰው በተመሳሳይ ሥራ ላይ ከ2 እስከ 3 ዓመት ከቆየ በኋላ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ራስን ከሲኒየር (ከነባር ነርስ) ጋር ማወዳደር ትርፉ ድካም ነው።

ከመጀመሪያው ተራ በፊት

የመማሪያ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ለመከለስ አትሞክሩ። ክፍሉ በብዛት የሚጠቀምባቸውን 10 ወይም 15 መድኃኒቶች ከኃላፊ ነርሷ ጠይቃችሁ መዝግቡ፦ መጠናቸውን፣ በምን እንደሚበጠበጡ፣ በምን ፍጥነት እንደሚሰጡ፣ ከተሰጡ በኋላ በሽተኛው ላይ ምን መታየት እንዳለበት። ከዚያ የድንገተኛ መድኃኒት ጋሪውን፣ አምቡ ባጉን (በእጅ እየተጨመቀ ትንፋሽ የሚሰጠውን)፣ ሰክሽን ማሽኑን (አክታና ፈሳሽ የሚመጠውን)ና ኦክስጅኑን ሄዳችሁ እዩ። «እዚያ ጋ ነው» መባል አይበቃም፤ ጋሪውን ክፈቱት፣ ሲሊንደሩን ከፍታችሁ ዝጉት። የሲሊንደር መክፈቻ የሚጠፋው ሁልጊዜ በሚፈለግበት ሰዓት ነው።

ርክክብ

በሽተኞቹን ከወጪው ተረኛ ስትረከቡ አንድ ኤ4 ወረቀት ያዙ፤ ለእያንዳንዱ በሽተኛ አንድ መስመር። የአልጋ ቁጥር፣ ስም፣ ዕድሜ፣ የበሽታው ዓይነት፣ አለርጂ፣ ካኑላው (ደም ሥር ውስጥ የሚቀመጠው ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ) የገባበት ቀን፣ የሚጠበቅ የላብራቶሪ ውጤት። በስተቀኝ የተራውን ሰዓታት በሳጥን ከፋፍላችሁ መድኃኒቱን «መ»፣ ቫይታል ሳይኑን (ትንፋሽ፣ የልብ ምት፣ ግፊት፣ ሙቀት) «ቫ»፣ ቁስል መጥረጉን «ቁ» እያላችሁ በየሰዓቱ አስገቡ፤ የተሠራው ይሰረዛል። የበሽተኛ ምስጢር ስላለበት ተራው ሲያልቅ ይቀደዳል እንጂ በኪስ ወደ ቤት አይሄድም።

ርክክቡ እንዳለቀ፣ ምንም ሥራ ሳትጀምሩ፣ ሁሉንም አልጋ አንድ ጊዜ ዙሩ። ይናገራል? ትንፋሹ እንዴት ነው? የተሰቀለው ግሉኮስ የታዘዘው ነው? ካኑላው አብጧል? ሽንት ቱቦው ይወርዳል? መጀመሪያ የሚታየው ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚጠራው ሳይሆን ዝም ያለውና የሚያልበው ነው።

ለአዋቂ በእረፍት ላይ ትንፋሽ በደቂቃ ከ12 እስከ 20፣ የልብ ምት ከ60 እስከ 100፣ የደም ኦክስጅን 95 በመቶና ከዚያ በላይ ነው፤ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ላለበት ግን ሐኪሙ ከ88 እስከ 92 ሊያዝ ይችላል። ሽንት በሰዓት ቢያንስ 0.5 ሚሊ ሊትር በኪሎ ይጠበቃል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 30 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። ከእነዚህ ሁሉ በግምት የሚጻፈው ትንፋሽ ነው። በቻርቱ ላይ የዋርዱ ሰው ሁሉ 20 የሚተነፍስ ከሆነ ማንም አልቆጠረም ማለት ነው። የበሽተኛው ሁኔታ ሲከፋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚለወጠው እሱ ነው። ሙሉ 60 ሰከንድ ቁጠሩ፤ መቆጠሩን ያወቀ ሰው አተነፋፈሱን ስለሚለውጥ፣ የልብ ምት የምትለኩ መስላችሁ አንጓውን እንደያዛችሁ ደረቱን ተመልከቱ።

መድኃኒት

ትክክለኛ በሽተኛ፣ ትክክለኛ መድኃኒት፣ መጠን፣ መንገድ፣ ሰዓት፦ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ስህተቱ የሚመጣው የሦስት ሰው መድኃኒት ባንድ ትሪ ላይ ሲዘጋጅ፣ ስም ያልተጻፈበት ሲሪንጅ ሲቀመጥና መሐል ላይ ሰው ሲያቋርጥ ነው። ለአንድ ሰው አዘጋጁ፣ ስጡ፣ ፈርሙ፣ ከዚያ ወደ ሌላው። ካቋረጧችሁ ከመጀመሪያው ጀምሩ።

የጠብታ ስሌት፦ መጠኑ በሚሊ ሊትር ሲባዛ በአንድ ሚሊ ሊትር ያለው ጠብታ፣ ሲካፈል ለደቂቃው። 1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት፣ ቱቦው በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ቢሆን፣ 1000 × 20 ÷ 480 = 42 ጠብታ ገደማ በደቂቃ። በሚሊ ሊትር 15 ለሚያንጠባጥብ ቱቦ ግን 31 ነው። ማሸጊያውን ሳታነቡ በልማድ 42 ላይ ብታደርጉት ለ8 ሰዓት የታሰበው በ6 ሰዓት ያልቃል፤ ልቡ ለደከመ ሰው ይህ ትንሽ ስህተት አይደለም።

ሁለት ነገር ብቻችሁን አትስጡ። አንዱ ኢንሱሊን ነው፦ በሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ከሚይዘው 10 ዩኒት 0.1 ሚሊ ሊትር ብቻ ስለሆነ፣ በኢንሱሊን ሲሪንጅ ቀድታችሁ ለሌላ ነርስ አሳዩ። ሌላው ፖታሲየም ክሎራይድ ነው፦ ያልተበጠበጠው በቀጥታ ወደ ደም ሥር ከተገፋ ልብ ያቆማል። ሁልጊዜ ተበጥብጦ በጠብታ ነው የሚሰጠው።

ካኑላ

ደም ብልጭ ብሎ ከታየ በኋላ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ መርፌው ገብቶ ፕላስቲኩ ገና ውጭ ስለሆነ ነው። ደሙ ሲታይ መርፌውን ወደ ቆዳው ዝቅ አድርጋችሁ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ግፉ፣ ከዚያ ፕላስቲኩን አስገቡ። የሚሸሽ ደም ሥር ካለ ከታች ቆዳውን ወጠር አድርጉ። የወጣውን መርፌ ወደ ፕላስቲኩ መልሳችሁ አታስገቡ፤ ፕላስቲኩ ተቆርጦ ሊቀር ይችላል። ሁለት ጊዜ ካልሆነ ሰው ጥሩ።

ሐኪም ሲጠራ

«በሽተኛው ደህና አይደለም» ብሎ መደወል ሐኪሙን አይረዳውም። ቻርቱን በእጃችሁ ይዛችሁ በአራት ክፍል ተናገሩ፦ አሁን ምን ሆነ፣ ከዚህ በፊት ምን ነበር፣ እኔ ምን አየሁ፣ ምን እፈልጋለሁ።

«ዶክተር፣ ተረኛዋ ነርስ ነኝ። 8 ቁጥር አልጋ ላይ ያለው የ54 ዓመት ታካሚ ትንፋሹ ስለፈጠነ ነው የደወልኩት። ትናንት የአንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። አሁን ትንፋሹ 28፣ የልብ ምቱ 118፣ ግፊቱ 95 በ60፣ ሙቀቱ 38.6፣ ኦክስጅኑ 91 ነው፤ ከሁለት ሰዓት በፊት ትንፋሹ 20፣ ኦክስጅኑ 96 ነበር። ኢንፌክሽን እንዳይሆን ሰግቻለሁ። ኦክስጅን ጀምሬለታለሁ፤ አሁኑኑ መጥተው ቢያዩት። እስኪመጡ የምሠራው አለ?»

በስልክ የተሰጠ ትዕዛዝ ይጻፋል፣ ተመልሶ ይነበባል። ሐኪሙ ካልመጣና ቁጥሩ እየከፋ ከሄደ ለኃላፊ ነርሷ ንገሩ፤ ይህ ሰው መክሰስ አይደለም።

ሲኒየርን ስትጠይቁም «ይሄ እንዴት ነው?» ከማለት «እንዲህ ላደርግ ነው፣ ትክክል ነኝ?» ማለት ይሻላል። ቁጡ የሆነችውም ብትሆን ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ መልስ አትነፍግም፤ እናንተም ማሰባችሁን ታሳያላችሁ።

መርፌ ከወጋችሁ

ቦታውን በውኃና በሳሙና እጠቡ፤ አትጭመቁት፣ በረኪናም አታድርጉበት። ሥራው እስኪያልቅ ሳትጠብቁ ወዲያው አሳውቁ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት ካስፈለገ በተቻለ ፍጥነት፣ ቢቻል በ2 ሰዓት ውስጥ ይጀመራል፤ ከ72 ሰዓት ማለፍ የለበትም። የሚወሰደው ለ28 ቀን ነው። በሀፍረት ደብቆ ማደር ይህን ሰዓት ያቃጥላል።

ተራው ሲያልቅ

ቻርት ላይ ያያችሁትን ከነሰዓቱ ጻፉ፤ «ደህና አድሯል» ምንም አይናገርም። ያልሠራችሁትን «ኋላ እሠራዋለሁ» ብላችሁ አትፈርሙ። ቤት ከገባችሁ በኋላ የሰጣችሁትን መድኃኒት ሳትፈርሙ እንደወጣችሁ ትዝ ካላችሁ እስከ ነገ አታሳድሩት፤ ተረኛዋ ፊርማ ስታጣ ደግማ ልትሰጠው ትችላለችና ወደ ዋርዱ ደውላችሁ ንገሯት።