አውቶማቲክ መኪናን ወደ ማንዋል መለወጥ፦ ከሶማሌ ተራ እስከ ቸርችል ዳገት

አውቶማቲክ መኪናን ወደ ማንዋል የመለወጥ ሥራ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በካምቢዮው (በማርሽ ሳጥኑ) ሳይሆን በዙሪያው ባሉ ትንንሽ ዕቃዎች ነው። የመጀመሪያዋን ኮሮላ ስለውጥ ካምቢዮውን ብቻ ገዝቼ ስለነበር መኪናዋ ተፈታትታ ሦስት ሳምንት ቆመች፤ እኔም የፔዳል ማቀፊያ ፍለጋ መርካቶ ሶማሌ ተራን ስዞር ከረምኩ። ስለዚህ አውቶማቲኩን ከመንካትዎ በፊት የማንዋሉን ዕቃ በሙሉ፣ ከተቻለም ከአንድ መኪና የወረደውን፣ እጅዎ ያስገቡ።

ከዚያም በፊት መኪናዎ በዚያው ሞተር ከፋብሪካ በማንዋል ተሠርቶ እንደሆነ ያረጋግጡ። ለምሳሌ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩ፣ 1,587 ሲሲ የሆነው 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ያላቸው ኮሮላዎች ባለ አምስት ማርሹ ሲ50 ካምቢዮ ይገጠምላቸው ስለነበር ሁሉም ነገር በቦታው ይገባል። በማንዋል ያልተሠራ ሞዴል ከሆነ ግን አውቶማቲኩን ማሳደሱ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

የሚገዛው ዕቃ ካምቢዮው፣ ቮላኖው (ከሞተሩ ጫፍ የሚታሰረው ከባድ ክብ ብረት)፣ የቮላኖው ቡሎኖች፣ የፍሪሲዮን (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ክፍል) ሸራ፣ ሸራውን የሚጫነው ሰሃን፣ የፍሪሲዮን ኩሽኔታ፣ ፔዳሎቹ ከነማቀፊያቸው፣ የፍሪሲዮኑ የላይና የታች ፖምፓ ከነቱቦው፣ የማርሽ መቀየሪያው ዘንግ ከነገመዶቹ፣ ሁለቱ ሴሚያሶች (ከካምቢዮው ተነሥተው ጎማዎቹን የሚያዞሩት ዘንጎች)፣ የካምቢዮው መቀመጫ ጎማዎች፣ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሣው) እና የማንዋሉ ኮምፒውተር ነው። በኮምፒውተሩ ላይ የቁልፍ መለያ ያለው መኪና ከሆነ ቁልፉንና አንባቢውን አብረው ይውሰዱ። ሱቁ ውስጥ ካምቢዮውን እያንዳንዱ ማርሽ ላይ እያስገቡ ዘንጉን በእጅ ያዙሩትና ያዳምጡ፤ የዘይት መክፈቻው ማግኔት ላይ የብረት ስብርባሪ ካገኙ ይተዉት። ሸራውን፣ ሰሃኑንና ኩሽኔታውን ግን ያገለገሉት ደህና ቢመስሉም አዲስ ይግዙ፤ እነሱን በኋላ ለመለወጥ ካምቢዮው እንደገና መውረድ አለበት። ደረሰኝ መቀበልንም አይርሱ።

ሲፈቱ በመጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ያላቅቁ። መኪናው በጠንካራ ማቆሚያ ላይ ይቁም፤ በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ሞተሩን ከላይ በሰንሰለት ይደግፉት፣ ምክንያቱም ካምቢዮው ሲወርድ አንዱ መቀመጫው አብሮ ይለቃል። ከአውቶማቲኩ ፊት ያለውን ኮንቨርተር (የሞተሩን ኃይል በዘይት የሚያስተላልፈውን ክፍል) ከሞተሩ ጋር ያያዙትን ቡሎኖች አስቀድመው ከፈቱ ኮንቨርተሩ ከካምቢዮው ጋር አብሮ ይወጣል።

ሲገጥሙ ትዕግሥት የሚጠይቀው ቦታ ቮላኖው ነው። ቦታው ክፍት ሳለ የሞተሩን የኋላ ዘይት ማገጃ ጎማ ይለውጡ። የአውቶማቲኩ ስስ ሰሃን የታሰረባቸው ቡሎኖች ለቮላኖው ያጥራሉና አይጠቀሙባቸው፤ የራሱን ቡሎኖች በመስቀል ቅደም ተከተል፣ በቶርክ ቁልፍ፣ በፋብሪካው መመሪያ ልክ ያጥብቁ። ሸራው ስፕሪንጎቹ የወጡበት ጎኑ ወደ ካምቢዮው ዞሮ፣ መሐሉ በትክክል ተስተካክሎ ይታሰራል። ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያመሳስሉት ሁለቱ ባዶ ፒኖች በቦታቸው መኖራቸውን በዓይንዎ ይዩ። በአንድ ጋራዥ ሁለቱም ተረስተው የተገጠመልኝ መኪና ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ በሦስት ወሩም ዘንጉ ላይ ያለው ማገጃ ተበልቶ ዘይት አንጠባጠበ። ካምቢዮው አልገባ ካለ ቡሎን አጥብቀው አይሳቡት፤ አውርደው ሸራውን እንደገና ያማክሉ።

የፍሬን ፔዳሉ ሰፊ ስለሆነ በማንዋሉ ጠባብ ፔዳል ይለወጣል። የፍሬኑን ዘንግ የያዘችው ፒን ከነመቆለፊያዋ መግባቷን ሁለት ሰው ይመርምር፤ የሰው ሕይወት የተንጠለጠለው በእሷ ላይ ነው።

አውቶማቲኩ ሞተሪኖውን የሚያስነሣው ዘንጉ ፒ ወይም ኤን ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ሽቦዎቹን በቀጥታ የሚያገናኙ መካኒኮች አሉ፤ ይህ ግን መኪናው በማርሽ ላይ እያለ እንዲነሣና ወደ ፊት እንዲዘል ያደርገዋል። ሽቦዎቹን ፔዳሉ ላይ በሚገጠም፣ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ብቻ በሚያገናኝ ማብሪያ ያሳልፏቸው። ወደ ኋላ ሲነዱ የሚበራው መብራት ደግሞ በካምቢዮው ላይ ካለው ማብሪያ ጋር ይያያዛል። ከራዲያተሩ ጋር የነበሩት የአውቶማቲክ ዘይት ቱቦዎች ተነሥተው ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ። ካምቢዮው መመሪያው የሚያዝዘው ዘይት፣ ብዙ ጊዜ 75ደብሊው-90፣ ይሞላለታል፤ በፍሪሲዮኑ ቱቦ ውስጥ ያለው አየርም በፍሬን ዘይት እየተገፋ እስኪያልቅ ይወጣል።

ለሙከራ እሑድ ማለዳ፣ መንገዱ ባዶ ሳለ፣ ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት በቸርችል ጎዳና ይውጡ። ዳገቱ መሐል ቆመው በእጅ ፍሬን ይነሡ፤ በሦስተኛ ማርሽም ነዳጅ ሲሰጡት ሞተሩ ጮኾ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል ማለት ነው። ከተማችን ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፣ የሞተሩም ጉልበት ይቀንሳል፤ ስለዚህ በዳገት ላይ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ረግጦ መቆም አዲሱን ሸራ ቶሎ ያቃጥለዋል። የመጀመሪያዎቹን 500 ኪሎ ሜትር በለሆሳስ ይንዱ። ከሙከራው ሲመለሱ መኪናውን ንጹሕ ካርቶን ላይ አሳድረው፣ ጠዋት ካርቶኑ ላይ ጠብታ ካገኙ ያሽትቱት፦ የካምቢዮ ዘይት የድኝ ዓይነት ሽታ አለው፣ ጠቆር ያለው የሞተር ዘይት ነው፣ ቀጭኑና ውኃ የሚመስለው ደግሞ ከፍሪሲዮኑ ፖምፓ የመጣ ነው።